በሕይወት ካሉት ወገን

መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነው። ከጭጋጉ ወዲያ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀርባ፣ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር ብሎ፣ ሦስተኛው ግን ከሆድ ሥር ተጎትቶ የሚወጣና መጨረሻው ላይ እንደ ተቀደደ ወናፍ የሚያፏጭ ሳል። ተስፋነህ የሞቀ ውኃ የያዘውን ማንቆርቆሪያ እንዳንጠለጠለ ባለበት ደርቆ ቀረ። ያን ሳል የሚያውቀው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው።

ታኅሣሥ ገብቷል። የጉና ውርጭ ፀሐይዋ በቅጡ ሳትጠልቅ ደብረ ታቦር ላይ መውረድ ጀምሯል። በኅዳር መጨረሻ ሁለት ነዳያን እዚሁ ደጀ ሰላሙ ሥር እንደተኮራመቱ ነግቶ ተገኙና፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ከቀብር መልስ ሳይበተኑ ተማከሩ። አሮጌውን የመዝሙር አዳራሽ ጠረጉት፣ የሚያፈሰውን ጣራ ደፈኑት፣ ገለባ የሞላ ጆንያ ደርድረው የሌሊት ማደሪያ አደረጉት። የቤቱ ሥርዓት ሁለት ብቻ ነው። የሚገባ ሁሉ እግሩን በሞቀ ውኃ ይታጠባል፤ የሚገባ ሁሉ የክርስትና ስሙን ያስመዘግባል። አገሩ፣ ዘሩ፣ የዓለም ስሙ አይጠየቅም።

ይህን ሥርዓት ያወጣችው እሌኒ ናት። "ሌሊት አንዱ ቢያርፍ ካህኑ በምን ስም ይፍታው? ለዚያ የክርስትና ስሙ ይበቃል። ሌላው ለእኛ ምን ያደርግልናል?" ብላ ተከራከረች። አባቷ የኔታ ዘውዱ፣ የደብሩ መሪጌታ፣ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሟትና "እንዳልሽ ይሁን" አሏት። በከተማው አንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ቀን የሰው ሕመም ስታዳምጥ ውላ ማታ የሰው እግር የምታጥብ ልጅ ናት። ተስፋነህ ያን ቀን ከአዳራሹ ጥግ ቆሞ ሲሰማት፣ ሁለት ዓመት ሲወዳት የኖረውን ሁሉ እንደ አዲስ ወደዳት። ዘር የማይጠየቅበት ቤት! በዚህች አገር ላይ እንዲህ ያለ ቤት ይኖራል ብሎ አልሞ አያውቅም ነበር።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰና ባለ ሳሉ ሽማግሌ ከጭጋጉ ውስጥ ወጡ። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ተጋርዷል። በእጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ጠረጴዛው ጋ ደረሱ።

"ይግቡ አባቴ፣ ብርዱ ጎዳዎ" አለች እሌኒ ብዕሯን አንሥታ። "የክርስትና ስምዎን ማን ልበል?"

"ተክለ አልፋ።"

ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ተስፋነህ መቆሙን አየ፤ ግን ጣቷ ደንዝዞባት መሰለው። ሰው የሚፈራውን ነገር ሲያይ ዓይኑ ሌላ ሌላውን ነው የሚያሳየው።

"ኧረ ፍጠኑ ጎበዝ!" አለ ከሰልፉ ጫፍ ጥላዬ። ጥላዬ ገበያ ውስጥ ጆንያ የሚሸከም፣ ማታ ማታ ቤቱን በሣቅ የሚያምስ ሰው ነው። "እኚህ አባት ስማቸውን ከነትርጓሜው ነው እንዴ የሚያስጽፉት? እግራችን እኮ ቄጤማ ሆነ!"

ሰዉ ሣቀ። እሌኒ ጻፈችና ወደ ተስፋነህ ቀና አለች። "መምህር፣ ውኃው ሳይበርድ። የዛሬው ተራ ያንተ ነው።"

ተስፋነህ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "እንጨት... እንጨት አልቋል" አለ። "አምጥቼ ልምጣ።"

ድምፁን ሲሰሙ የሽማግሌው አንገት ቀስ ብሎ ዞረ። ያ ዓይን ያጣው ፊት፣ ልክ ተስፋነህ በቆመበት በኩል፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ። ከንፈራቸው ሊከፈት ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ግን ጎንበስ አሉና ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ።

ተስፋነህ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ሆኖ፣ የሚወዳት ልጅ ተንበርክካ የአባቱን እግር ስታጥብ አየ። ቢጠሩት፣ በሰው ፊት ቢረግሙት ይሻለው ነበር። ዝምታቸው ልቡ ውስጥ እንደ ብርድ ገባ።

* * *

ውሸቱ ሲጀምር አንዲት ቃል ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ፊዚክስ ሊያስተምር ደብረ ታቦር በተመደበ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ካሳሁን የሚባል የሒሳብ መምህር ሻይ እየጠጡ "አባትህ አሉ?" ብሎ ጠየቀው። "የሉም" አለ። ሊል ያሰበው "እዚህ የሉም" ነበር፤ ወይም እንዲያ ብሎ ራሱን አታልሏል። በማግሥቱ አምስት መምህራን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ኪራይ ቤቱ ድረስ መጡ። ሳንሰማ ቀርተን ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሲያጽናኑት አመሹ። ጎረቤቶቹ ንፍሮ ቀቅለው ላኩ። እንዲህ ሆኖ አባቱ፣ የጉናው አቶ አምላኩ፣ መዶሻቸውን ይዘው ብረት እየቀጠቀጡ ሳለ፣ ደብረ ታቦር ላይ ተለቀሰላቸው። ተስፋነህ ለጠየቀው ሁሉ የትውልድ አገሩን አንበሳሜ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጉና አቀበት እግሩን አላነሣም።

ይህን ያደረገው ከክፋት አልነበረም። ሰባት ዓመት ሲሞላው ከአባቱ ጋር ሠርግ ሄዶ ነበር። የሠርጉ ባለቤት የተስፋነህ አባት በሠሩት ማረሻ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው ነው። ለአባትና ልጅ ግን ከዳሱ ውጭ፣ ከበጎቹ በረት አጠገብ፣ በኮባ ቅጠል አቀረበላቸው። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ከዓይናቸው ሸሸጉ። ቀጥቃጭ ናቸዋ! ዓይናቸው ይበላል ይባላላ! አባቱ ያን ምግብ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው በሉት። ተስፋነህ አልበላም፤ ያን ዕለት የጎረሰው ነገር ቢኖር አንዲት ሐሳብ ናት። *እኔ ይህን አልሆንም።*

አሁን ደግሞ እሑድ እየመጣ ነው። ካሳሁንና ሁለት ሽማግሎች ወደ የኔታ ዘውዱ ቤት ይሄዳሉ፤ ከተፈቀደ ሠርጉ ለጥር ነው። የኔታ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ልጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

ሽማግሌው በመጡ በማግሥቱ፣ ረቡዕ፣ እሌኒ የመዝሙር ደብተሯን አቀበለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የተለዋወጡት በዚያ ደብተር ገጾች መሐል አድርገው ነው። ዓይኑን ሳታየው ነበር የሰጠችው። እሱም እንደ ወትሮው ፍቅር መስሎት ደስ አለው! በዕረፍት ሰዓት፣ ባዶው የላቦራቶሪ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ከፈተው።

"ተስፉ፣

"ለኅዳር ሚካኤል ካህኑ እንዲያነሣው ብለህ የሰጠኸኝን የጸሎት ወረቀት ለአባባ ሳልሰጠው ቀረሁ። መጀመሪያ ያስቀረሁት ጽሕፈትህን ስለምወደው ነበር። በኋላ ግን አነበብኩት። 'ካረፉት ወገን' ብለህ እናትህን ጽፈሃል። 'በሕይወት ካሉት ወገን' ብለህ ደግሞ 'አባቴ ተክለ አልፋ' ብለሃል። ለሰው የሞተ፣ ለእግዚአብሔር ግን ያለ አባት! መቅደስ የሚገባ ወረቀት ላይ መዋሸት አቃተህ አይደል? እኔም ይሄን ሳይ አለቀስኩ፤ አፈርኩብህም፣ ወደድኩህም።

"ዛሬ ነገ ትነግረኛለህ ብዬ ወር ሙሉ ጠበቅሁህ። ትናንት እግራቸውን ሳጥብ የቁርጭምጭሚታቸውን አጥንት አየሁ፤ ያንተ ነው። እጃቸውንም አየሁ። ምን ዓይነት ሥራ እንዲያ እንደሚያቃጥል አላጣሁትም፤ እዚሁ ነው ያደግሁት።

"የባለ እጅ ልጅ መሆንህ ከልቤ አንዲት ስንዝር አያርቅህም። አባባ እምቢ ቢለኝ ፊቱ ቆሜ እሟገትልሃለሁ። የማልችለው በቁሙ በተቀበረ ሰው መቃብር ላይ ጎጆ መቀለስ ነው። ሽማግሌ ሳትልክ በፊት አንተው ራስህ ለአባባ ንገረው። እኔ አልነግርም። እኔ ከተናገርኩት ያንተ መሆኑ ይቀራል።

"እሌኒ"

ከደብዳቤው ሥር የጸሎቱ ወረቀት አለ፤ በገዛ ጽሕፈቱ።

ደወል ተደወለ። ተማሪዎቹ ሲገቡ መምህራቸው መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር። ከኩነኔ ይልቅ የሚያስፈራ ፍቅር እንዳለ ያን ሰዓት አወቀ።

* * *

ለየኔታ ሐሙስ እነግራቸዋለሁ አለ። ሐሙስ የኔታ ማኅሌት ነበረባቸው። እንግዲያ ዓርብ ማታ እነግራቸዋለሁ አለ።

በእነዚያ ቀናት ማደሪያው ውስጥ አንድ ነገር ሲያድግ ታየው። አባቱ ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር ነበር የሚተኙት። በመጀመሪያው ምሽት በእሳቸውና በቀጣዩ ሰው ጆንያ መካከል የነበረው ክፍት ክንድ አይሞላም ነበር። በሁለተኛው የሰው ቁመት ሆነ። በሦስተኛው፣ ማንም ምንም ሳይናገር፣ ያ ጥግ ባዶ ሆኖ መሐሉ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀሩ። የሚያወሩ ሰዎች ተስፋነህ ሲቀርብ ዝም ይላሉ። ሴቶች ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ። የኮባው ቅጠል ትዝ ይለዋል።

ዓርብ ሹራብ ገዝቶ መጣ፤ ግን በእጁ አልሰጠም። ካሳሁንን "ለዚያ ዓይነ ሥውር ሽማግሌ አድርስልኝ" አለው። ከሩቅ ሆኖ ሲያይ አባቱ ሹራቡን ተቀብለው አሸተቱት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ለበሱት።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ጩኸት ተነሣ።

አሰለፈች የምትባል ሴት ናት፤ ከፎገራ የሩዝ አጨዳ ከመጣች ሳምንት አይሞላትም። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትወራጫለች፤ ዓይኗ ተገልብጧል። እሌኒ ሮጣ ጭንቅላቷን ደገፈች። ሴቶቹ ግን ቀድመው ከበዋታል።

"ለፍልፊ! ማነው የበላሽ? ስሙን ጥሪ!"

"ልቀቋት!" አለች እሌኒ። "ወባ ናት። ግንባሯን ንኩት እስቲ፣ እሳት ነው እኮ! መድኃኒት ይዤላታለሁ፣ አየር ስጧት!"

"እታለም፣ ወባ ደግሞ በዚህ ውርጭ ደብረ ታቦር ምን ልትሠራ መጣች? ካፖርት ለብሳ ነው?" አለ ጥላዬ። የሣቀ ሰው የለም። ራሱ ጥላዬም አልሣቀም። "ዓይኗን ወዴት እንዳዞረች ሁላችንም አይተናል። ወደዚያ ወደ ጥጉ ነው። እጁን እዩት። ያ የፍም ጠባሳ ነው። ያ እጅ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ እጅ ነው። ከቡዳ ጋር በአንድ ጣራ አሳድራችሁ ልታስጨርሱን ነው?"

"ይውጣ!" አለ አንድ ድምፅ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃተ።

የኔታ ዘውዱ ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሽማግሌውን ጎንበስ ብለው በለሰለሰ ድምፅ ነው የጠየቁት።

"አባቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር?"

"ማረሻ እሠራ ነበር፣ የኔታ። ዓይኔ እስኪጠፋ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዳንዱ ጆንያውን መጠቅለል ጀመረ። የኔታ የሚጠቀለለውን ጆንያ አዩ፣ የሚንቀጠቀጡትን ሕፃናት አዩ፣ ከበሩ ውጭ ያለውን ጨለማም አዩ።

"ቤቱ እንዳይበተን ነው" አሉ በመጨረሻ። "ለዛሬ ደጀ ሰላሙ ሥር ይደሩ። ብርድ ልብስ ይደረብላቸው። ነገ አንድ መላ እንፈልጋለን።"

"አባባ! የኅዳሮቹ እኮ እዚያው ነው የሞቱት!"

"እነዚህ ሁሉ ተነሥተው ቢወጡስ? ስንቱን ልቅበር፣ ልጄ?"

እሌኒ የአሰለፈችን ራስ ጭኗ ላይ እንደያዘች፣ ከሰዉ ትከሻ በላይ አሻግራ ተስፋነህን አየችው። አትለምነውም። አትቆጣውም። ብቻ ታየዋለች። በዚያች ዓይን ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ ነበሩ።

"የኔታ" አለ ተስፋነህ። ድምፁ ለራሱ እንኳ ራቀው። "እኚህ ሰው... አባቴ ናቸው።"

ካሳሁን እጁን ያዘው። "ምን ነካህ አንተ? ለአባትህ ለቅሶ ቤትህ ድረስ መጥተን አልተቀመጥንም?"

ከጥጉ ያ ሳል ተሰማ። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

"እግዜር ይስጠው፣ መምህሩ አዝኖልኝ ነው" አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። "እኔ ልጅ የለኝም፣ የኔታ። ወልጄም አላውቅ። አትታዘቡት፣ ልቡ ሩኅሩኅ ቢሆን ነው።"

የኔታ በረጅሙ ተነፈሱ። "እንዲያ ነው፣ ተስፋነህ? አዝነህላቸው ነው?"

የማምለጫ በር ተከፈተለት። የከፈቱለት ደግሞ አባቱ ናቸው። ቃል መናገር እንኳ አይጠበቅበትም፤ ዝም ማለት ይበቃል። ነገ ይወስዳቸዋል፤ ኪራይ ቤት ይፈልግላቸዋል፣ ሐኪም ቤት ያሳያቸዋል፣ ማንም ሳያውቅ። እሑድ ሽማግሌ ይሄዳል። ጥር ይደርሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓይኑ ፊት አለፈ።

ዝም አለ።

አባቱ ጥቅላቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉ። ሰዉ እንዳይነካቸው ግራና ቀኝ ሸሸ። ግድግዳውን እየዳበሱ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ አምስት እርምጃ ሄዱ። ተስፋነህ ዝም አለ። ግድግዳው አልቆ በሩ ሲደርስ እጃቸው የሚይዘው አጣ፤ እግራቸው ደረጃውን ሳተና በዚያ ጨለማ ውስጥ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ወደ ባዶው ዘረጉ።

"አባዬ!"

ማን እንደጮኸ ተስፋነህ ያወቀው እየሮጠ ሳለ ነው። ሳይወድቁ ደረሰባቸው፤ ጉልበታቸውን አቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። "አባቴ ነው! አምላኩ ይባላል፣ እኔም ተስፋነህ አምላኩ ነኝ! የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ! የበላሁት፣ የተማርኩት በዚህ እጅ ነው! እሱን የምታስወጡ እኔንም አስወጡኝ!" ሌላም ብዙ ተናገረ፤ ለቅሶው ውጦበት የሰማው የለም።

የአባቱ ሻካራ እጅ ፊቱን ፈልጎ አገኘው። "ምን አደረግህ አንተ ሞኝ" አሉት በሹክሹክታ። "ልወጣልህ ነበር እኮ።"

የኔታ ዘውዱ ሁለቱን አይተው፣ ሰዉን አይተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ዓመት ያረጁ መሰሉ። ካሳሁን አንገቱን ደፋ። ጆንያውን የጠቀለለ ሁሉ እንደጠቀለለ ቆሞ ቀረ፤ የወጣ ግን የለም።

እሌኒ ለአሰለፈች መድኃኒቱን አጠጣቻት። አፏን ጠረገችላት። ከዚያ ተነሥታ መጣች። ተስፋነህ ቀና ብሎ አያት።

"ነገርኳቸው እሌኒ" አላት። "ሰማሽኝ አይደል? ለአባትሽ ነገርኳቸው።"

በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እሱ ሆነው ሽማግሌውን ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ከነጠላዋ ላይ የደረበችውን ጋቢ አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው፤ ጫፉን አንገታቸው ሥር አጠፈችው። እግራቸው ተጎድቶ እንደሆነ በእጇ ነካክታ አየች። አባቱ "እግዜር ያክብርሽ፣ እሜቴ" ሲሏት ጎንበስ ብላ እጃቸውን፣ ያን የተቃጠለውን፣ ሳመችው። አዳራሹ ውስጥ የሆነች ሴት ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች።

ከዚያ እሌኒ ወደ ተስፋነህ ዞረች። በጣም ቀርባው ስለነበር ትንፋሿ ፊቱ ላይ ደረሰ። ቁጣ ፈለገባት፣ አላገኘም። እንባ ፈለገባት፣ አላገኘም። ዓይኗ ከፊቱ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ከጥጉ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ፣ እሱ ዝም ብሎ ሲያይ አባቱ ዳብሰው ያለፉትን መንገድ ሁሉ፣ እርምጃ በእርምጃ ተከተለው። ከዚያ ተመልሶ እሱ ላይ አረፈ።

"እሌኒ?"

ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበች።

"ወዴት ነው፣ ልጄ?" አሉ የኔታ ከተቀመጡበት።

በሰዉ መካከል በዝግታ አለፈች፤ ደረጃውን ወረደች። ነጠላዋ ጭጋጉ ላይ ለአፍታ ነጣ፤ ከዚያ የቱ ነጠላ የቱ ጭጋግ እንደሆነ መለየት አልተቻለም።